ሦስቱን ማህደር ይተዉና በርሜሉን ይከተሉ

ጥያቄ፦ «ለምግብ ማሸጊያ የሚሆን ፕላስቲክ ፊልም አትመን፣ ላሚኔት አድርገን (ፊልም ከፊልም አጣብቀን)፣ ቆርጠን የምንሸጥ ፋብሪካ ነን። በቅርቡ የደህንነትና የጥራት ኃላፊ ሆኜ ተመደብኩ። ሦስት ማህደር አስረከቡኝ፦ የሠራተኛ ደህንነት፣ ንጽህና፣ አካባቢ ጥበቃ። በጀቱ ለሦስቱ አይበቃም። ከትልቁ ደንበኛችን ኦዲተር ሊመጣ ስለሆነ አለቃዬ በንጽህናው ጀምር ይለኛል። ከየትኛው ልጀምር? ደግሞ ሠራተኞቹ ጓንትና የጆሮ መከላከያ አድርጉ ቢባሉ አይሰሙም። ከደመወዛቸው መቅጣት ይሻላል?»

መልስ፦

ከሦስቱ ማህደር በአንዱም አይጀምሩ።

ማህደር ለቢሮ ሥራ ይመቻል። ማሽኑ አጠገብ ሲቆሙ ግን ነገሩን እንዲህ ተከፋፍሎ አያገኙትም። ያው አንድ በርሜል ሶልቨንት (ቀለም ማቅጠኛ ኬሚካል) እሳት ያስነሳል፣ የሠራተኛ ራስ ያዞራል፣ የታሸገው ምግብ ላይ ሽታ ይተዋል፣ የውጭውን አየር ይበክላል። ያው አንድ ምላጭ ጣት ይቆርጣል፣ ሲሰበር ደግሞ ሮል (የተጠቀለለ ፊልም) ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ዕቃውን ይከተሉ። ከበር ከሚገባበት እስከሚወጣበት አብረውት ይሂዱ። የት ይከፈታል? የት ይፈሳል? ማን ይነካዋል? ምን ያህሉ የት ይቀራል? እንዲህ ሲያዩት አንድ ቦታ ላይ ያወጡት ገንዘብ ሦስቱም ማህደር ውስጥ ሲታይ ያገኙታል።

ወረፋ የማይጠብቅ አንድ ነገር ብቻ አለ። እሱም የሚሽከረከር ሮለር ነው። ዛሬውኑ ይጀምሩት፤ በርሜሉ ለነገ ይቆይ።

ሁለት ሮለሮች ተጋጥመው ወደ ውስጥ የሚስቡበትን ቦታ ቀረብ ብለው ይመልከቱ። ፊልሙ ሲገባ ጠፍጣፋና ዝም ያለ ነው፤ ምንም አያስፈራም። ማሽኑ በደቂቃ 200 ሜትር የሚሄድ ከሆነ ግን ፊልሙ በሴኮንድ ከ3 ሜትር በላይ ይጓዛል። ሰው መያዙን አውቆ እጁን ለመሳብ ሩብ ሴኮንድ ያህል ያስፈልገዋል። በዚያች ሩብ ሴኮንድ ሮለሩ 80 ሳንቲሜትር ገደማ ይስባል። ሙሉ ክንድ ማለት ነው። ቅልጥፍናም ሆነ ልምድ እዚህ ጋ አያድንም።

አደጋው ብዙ ጊዜ የሚመጣው እንዲህ ነው። ሮለሩ ላይ ትንሽ የደረቀ ቀለም ይይዛል። በዞረ ቁጥር ፊልሙ ላይ ነጥብ ይጥላል። ኦፕሬተሩ ማሽኑን ቢያቆም ቀለሙ ይደርቃል፣ ቀለም ከቀለም መገጣጠሙ ይዛባል፣ እስኪስተካከል ብዙ ሜትር ፊልም ይባክናል፣ ፎርማኑም ይቆጣል። ስለዚህ ጨርቅ ሶልቨንት ውስጥ ነክሮ፣ ማሽኑ እየሄደ፣ በጣቱ ጫፍ ነካ ያደርገዋል። ያልፍለታል። በማግስቱም ያልፍለታል። አንድ ቀን የጨርቁ ጫፍ ይያዝና እጁን ይዞት ይገባል።

ይሄ ሰው ግዴለሽ አይደለም። እንዲያውም ፊልም እንዳይባክን የሚጨነቅ ጥሩ ሠራተኛ ነው። «ተጠንቀቅ» የሚል ፖስተር ምንም አይጠቅመውም። የሚጠቅመው ሲከፈት ማሽኑን የሚያቆም መከለያ ነው። ለጽዳት ደግሞ ተጭነው እስከያዙት ብቻ ማሽኑን በዝግታ የሚያዞር፣ ሲለቁት የሚያቆም መቆጣጠሪያ ያስፈልጋል። መጥረግ የግድ ከሆነ ሮለሮቹ በሚለያዩበት በኩል ይሁን፤ በሚገናኙበት በኩል በፍጹም። ከሁሉ በፊት ግን ለጽዳት የቆመ ደቂቃ ኦፕሬተሩ ላይ እንደ ጥፋት እንዳይቆጠር አለቃዎን በጽሑፍ ያስወስኑ። ይህ ካልሆነ መከለያው በሳምንቱ ተፈትቶ ግድግዳ ተደግፎ ያገኙታል።

የጓንት ጥያቄዎን ግማሽ እዚሁ ልመልስ። በሚሽከረከር ሮለር አጠገብ ጓንት ማስደረግ ስህተት ነው። ባዶ ጣት ሊያመልጥ በሚችልበት ቦታ ጓንቱ ይያዛል፣ እጁንም አስከትሎ ይገባል። ሠራተኞችዎ እምቢ ያሉት ምናልባት ይህንን ከማንም ቀድመው ስላወቁት ይሆናል። ከመቅጣትዎ በፊት የትኛው ሥራ ላይ ያሉት ናቸው እምቢ ያሉት ብለው ይጠይቁ።

ለጥገና ሲሆን ማቆሚያውን መጫን አይበቃም። ዋናው ማብሪያ ይጠፋል፣ ጓጉንቸር ይቆለፍበታል፣ ቁልፉን ማሽኑ ውስጥ እጁን የሚያስገባው ሰው ራሱ በኪሱ ይይዛል። ሁለት ሰው ከገባ ሁለት ጓጉንቸር። ቀጥሎ የታመቀ አየር ይለቀቃል፣ ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ ሮለር ይደገፋል። በመጨረሻ ማስነሻውን ተጭኖ እንደማይነሳ ማየት። ይቺ የመጨረሻዋ ብዙ ጊዜ ትዘለላለች። የተሳሳተ ብሬከር መጠፋቱ የሚታወቀው ግን እሷ ላይ ነው።

አሁን ወደ በርሜሉ።

ለፊልም ማተሚያ ቀለም ማቅጠኛ ሆኖ በብዛት የሚገባው ኤቲል አሴቴትና የተለያዩ አልኮሎች ናቸው። ቶሉይንም አንዳንድ ቦታ አሁንም አለ። ኤቲል አሴቴት ሊቀጣጠል የሚችል ተን መስጠት የሚጀምረው ከዜሮ በታች 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። እንግዲህ በማተሚያ ክፍል ሙቀት ክፍት በርሜል ሁልጊዜ ለእሳት ዝግጁ ነው። ተኑ ከአየር ይከብዳል። ወደ ጣሪያ አይወጣም፤ ወለል ለወለል እየተሳበ ጉድጓድና የኬብል ቦይ ውስጥ ይተኛል። በአየሩ ውስጥ 2 በመቶ ገደማ ሲሞላ የሚቀረው ብልጭታ ብቻ ነው።

ብልጭታ ደግሞ ከሲጋራ ብቻ አይመጣም። ፕላስቲክ ፊልም ከሮል ሲፈታ ራሱ ስታቲክ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ሶልቨንት ከበርሜል ወደ ባልዲ ሲንቆረቆርም እንደዚያው። ተኑን ለማቀጣጠል ከአንድ ሚሊጁል ያነሰ ጉልበት ይበቃዋል። የብረት እጀታ ሲነኩ ጣትዎን ቆንጠጥ የሚያደርግዎት ብልጭታ ለዚህ ከበቂ በላይ ነው።

ቀለም መቀላቀያው ክፍል ገብተው አንድ ሺፍት ሙሉ ቆመው ይመልከቱ። ቀለም የሚቀላቅለው ልጅ የበርሜሉን ክዳን ይከፍታል። በፕላስቲክ ባልዲ ይቀዳል፤ ቀላል ስለሆነለት። ክዳኑን አይመልስም፤ ትንሽ ቆይቶ ተመልሶ መምጣቱ አይቀርምና። ባልዲውን ክፍቱን ማሽኑ ሥር ያስቀምጠዋል። ማሽኑ ላይ ያለው የቀለም ገንዳም ክፍት ነው። ሶልቨንቱ እየበነነ ሲሄድ ቀለሙ ይወፍራል። ሲወፍር ማቅጠኛ ይጨምርበታል። ያ የጨመረው ማቅጠኛ የት ሄደ? ግማሹን እሱ ተነፈሰው፣ ግማሹ በመስኮት ወጣ። ፋብሪካው ደግሞ ገንዘቡን ከፍሎበታል።

እዚህ ጋ በጣም ርካሹ መፍትሔ ክዳን ነው። በርሜሉ ላይ፣ ባልዲው ላይ፣ የቀለም ገንዳው ላይ። ፕላስቲክ ባልዲው በብረት ይቀየር። በሚቀዱበት ጊዜ በርሜሉና ባልዲው በሽቦና በመቆንጠጫ ይያያዙ፣ በርሜሉም ከመሬት ጋር ይገናኝ። መቆንጠጫው የሚነክሰው ባዶ ብረት ላይ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ቀለም በተቀባ ጠርዝ ላይ የተነከሰ መቆንጠጫ ኖረ አልኖረ አንድ ነው። የአየር መሳቢያው አፍ ወደ ወለሉ ዝቅ ይበል፣ ሞተሩም ብልጭታ የማያመጣ ዓይነት ይሁን። አየሩ በጣም ሲደርቅ ስታቲክ ይብሳል፤ እርጥበቱን ከ50 በመቶ ከፍ አድርጎ መያዝ ይረዳል። ሶልቨንት የነካ ጨርቅ ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ውስጥ ይግባ፣ በሺፍቱ መጨረሻም ይውጣ።

እ.ኤ.አ. መስከረም 10 ቀን 2016 ባንግላዴሽ ውስጥ ቶንጊ በምትባል ከተማ ታምፓኮ ፎይልስ የተባለ የማሸጊያ ፋብሪካ ፈንድቶ ተቃጥሏል። ከ30 በላይ ሰዎች ሞተዋል። መነሻው ምንም ይሁን ምን፣ ሕንፃው ውስጥ የተከማቸው ኬሚካል እሳቱን መግቦታል፤ ለማጥፋትም ብዙ ጊዜ ወስዷል። የዕለት ፍጆታው ብቻ ማተሚያ ክፍል ይግባ፣ ቀሪው በተለየ መጋዘን ይቀመጥ የምንለው ለዚህ ነው። አሥር በርሜል ማሽኑ አጠገብ መደርደር ዕቃ ለሚያመላልሰው ልጅ ምልልስ ይቀንስለታል። ሌላ ጥቅም የለውም።

ጋዝ መለኪያ ካለዎት አረንጓዴ ስላበራ ብቻ አይረጋጉ። ብዙዎቹ የሚለኩት ለፍንዳታ ነው። ተኑ የሚቀጣጠልበት 2 በመቶ ማለት ከሚሊዮን 20,000 እጅ ነው። ለ8 ሰዓት ሥራ የሚፈቀደው የኤቲል አሴቴት መጠን ግን በብዙ አገሮች ከሚሊዮን 400 እጅ አያልፍም፤ አንዳንዶች ከዚያም ዝቅ አድርገውታል። ልዩነቱ 50 እጥፍ ነው። ስለዚህ ክፍሉ ከፍንዳታ እጅግ ርቆ እያለ ሠራተኛው ራሱን እያመመው፣ እያዞረው ሊውል ይችላል። አፍንጫም አይታመንም። ከገቡ ጥቂት ቆይቶ ይለምደዋል፣ ሽታው የጠፋ ይመስላል።

ይህ የአፍንጫ ነገር ቀጥታ ወደ ንጽህናው ይወስደናል። ማድረቂያውን በጥድፊያ ያለፈ ፊልም ሶልቨንቱን ይዞ ይጠቀለላል። ሮል ውስጥ መውጫ የለውም። ከሳምንታት በኋላ ምግቡ ላይ ሽታ ሆኖ ይወጣል፣ ደንበኛውም ሙሉ ጭነት ይመልሳል። በላቦራቶሪ ጋዝ ክሮማቶግራፍ በሚባል መሣሪያ ይለካል። እሱ ባይኖርዎትም አንድ ነገር በየሮሉ ማድረግ ይችላሉ። ቁራጭ ፊልም ንጹሕ የመስታወት ዕቃ ውስጥ ከድነው፣ ሞቅ ያለ ቦታ አቆይተው፣ ከፍተው ያሽትቱ። አሽታቹ ግን ማተሚያ ክፍል ውስጥ የዋለ ሰው አይሁን። የእሱ አፍንጫ ለዚያ ቀን አልቋል።

ማጣበቂያውም ላይ ተመሳሳይ ነገር አለ፣ እንዲያውም ይከፋል። ፊልም ከፊልም የሚያጣብቀው የፖሊዩሬቴን ሙጫ አይሶሳይኔት የሚባል ኬሚካል አለበት። ይህ ነገር አስም ያመጣል። አንድ ጊዜ ሰውነቱ የተቆጣበት ሰው ከዚያ በኋላ በጣም ጥቂቱ እንኳ ሊቀሰቅስበት ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ከዚያ ሥራ መነሳት ግድ ይሆናል። ሙጫው ሳይበስል፣ ማለትም ኬሚካሉ ተዋህዶ ሳይጨርስ፣ ከምግብ ጋር ከተገናኘ ደግሞ፣ ያልጨረሰው አይሶሳይኔት ከእርጥበት ጋር ተዋህዶ አሮማቲክ አሚን የሚባሉ ኬሚካሎች ይፈጥራል። ከእነዚህ ውስጥ ካንሰር አምጪ የሆኑ አሉ። ስለዚህ የሙጫው አምራች «ይህን ያህል ቀን ይብሰል» ካለ ያ ቀን አይሸራረፍም። ደንበኛ ቸኮለ ተብሎ ሮል ቀድሞ ሲጫን ካዩ ያስቁሙ። እንደ ጥራት ኃላፊ ቃልዎ የሚፈተነው ያን ቀን ነው።

ንጽህና ሲባል ብዙ ፋብሪካ የጸጉር መረብና የእጅ መታጠቢያ ብቻ ያስባል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ጌጣጌጥ ማውለቅ፣ መስታወትና አምፖል መሸፈን፣ አይጥና ነፍሳት መከላከልም እንዲሁ። ኦዲተሩ ይጠይቃል፣ መልሱም ቀላል ነው። ከባዱ በዓይን የማይታየው ነው። ፊልም ሲጠቀለል የታተመው ፊት የሚያርፈው በቀጣዩ ዙር ጀርባ ላይ ነው። ያ ጀርባ ደግሞ ነገ ምግቡን የሚነካው ሊሆን ይችላል። ቀለሙ በደንብ ካልደረቀ፣ ወይም ሮሉ ከመጠን በላይ ጠብቆ ከተጠቀለለ፣ ኬሚካሉ ምንም ምልክት ሳያሳይ ወደ ጀርባው ይሻገራል። እ.ኤ.አ. በ2005 ጣሊያን ውስጥ በካርቶን የታሸገ የሕፃናት ወተት አይቲኤክስ የሚባል የማተሚያ ቀለም ኬሚካል ተገኝቶበት በሚሊዮን የሚቆጠር ሊትር ከገበያ ተሰብስቧል። ቀለሙ የታተመው ከውጭ በኩል ነበር። ወተቱ ውስጥ የገባው የካርቶኑ ማቴሪያል ተጠቅልሎ ሳለ ከውጭ ወደ ውስጥ ገጹ በመሻገሩ ነው። የዚህ ዓይነቱን ችግር የጸጉር መረብ አይዘው፣ ሳሙና አያጥበው። የሚከላከሉት ለምግብ ማሸጊያ የተፈቀደ ቀለም በመግዛት፣ የማድረቂያውን ሙቀትና የማሽኑን ፍጥነት በመመዝገብ ነው።

ምላጭን በአጭሩ ልናገር። ምላጩ እየተሰበረ የሚታደሰውን ካተር ከፋብሪካው ያስወጡ። ምክንያቱ ሁለት ነው፤ የጣትና የሮል። በምትኩ ምላጩ ራሱ የሚሰበሰብ ቢላ ይስጡ፣ አሮጌውን ያልመለሰ አዲስ አይቀበል። የተሰበረ ምላጭ ቁራጮቹ ተገጣጥመው ሙሉ እስኪሆኑ ድረስ ሮሉ አይላክም።

አካባቢ ጥበቃ ላይ ክዳኑ ግማሹን ሥራ ሠርቶልዎታል። የወጣ የሶልቨንት ተን በፀሐይ ብርሃን ከተሽከርካሪና ከቦይለር ጭስ ጋር ተዋህዶ መሬት አጠገብ ኦዞን ይፈጥራል። ያ ሳንባ የሚጎዳ ነው። የቆሸሸ ሶልቨንት አጣርቶና አንጥሮ መልሶ መጠቀም ይቻላል፤ ከሥር የሚቀረው ዝቃጭ ግን አደገኛ ቆሻሻ ነው፣ ከተራ ቆሻሻ ጋር አይደባለቅ። በውኃ የሚሠራ ቀለም ደግሞ «ውኃ እኮ ነው» ተብሎ እጣቢው ቦይ ውስጥ ይደፋል። ውስጡ ማቅለሚያና ሙጫ አለ፤ ሳይታከም መለቀቅ የለበትም።

ፕላስቲክ አቅልጣችሁ ፊልሙን ራሳችሁ የምትነፉት ከሆነ ጥሬ ዕቃውን፣ የፕላስቲክ ፍሬውን ይዩ። ከረጢት ሲቀደድ ወለል ላይ ይበተናል። መጀመሪያ ሰው ያንሸራትታል። ቀጥሎ በውኃ ይታጠብና ቦይ ውስጥ ይገባል፣ ከቦይ ወንዝ፣ ከወንዝ ባሕር። እ.ኤ.አ. በ2021 ኤክስፕሬስ ፐርል የተባለችው መርከብ በስሪላንካ ጠረፍ ተቃጥላ ስትሰምጥ ከ1,500 ቶን በላይ ፍሬ ባሕሩና ዳርቻው ላይ ፈሷል። የአንድ ፋብሪካ ጥቂት ኪሎ ከዚያ ጋር አይወዳደርም፤ ግን በየቀኑ ነው። በቦዩ አፍ ላይ ወንፊት፣ በማራገፊያው አጠገብ መጥረጊያና መያዣ፣ ከመታጠብ በፊት መጥረግ። ያው አንድ ሥራ እግርም ያድናል።

ቁርጥራጩ ላይ አንድ ጥንቃቄ ብቻ። ንጹሕ የጠርዝ ቁርጥራጭ ተመልሶ ይቀልጣል። የታተመው ግን ምግብ በሚነካው ንብርብር ውስጥ ተመልሶ እንዳይገባ። ከተለያየ ፕላስቲክ ተደራርቦ የተጣበቀው ደግሞ መልሶ ለመጠቀም በጣም ያስቸግራል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው የማሸጊያ ደንብ እ.ኤ.አ. በ2030 ማሸጊያ ሁሉ ሪሳይክል ሊደረግ (ተመልሶ ጥሬ ዕቃ ሊሆን) የሚችል እንዲሆን ስላዘዘ፣ ትልልቅ ደንበኞች ከአንድ ዓይነት ፕላስቲክ የተሠራ ላሚኔት መጠየቅ ጀምረዋል። ከአለቃዎ ጋር ስለ አካባቢ ሲያወሩ በዚህ ቢጀምሩ ይሰማዎታል።

ስለ ኦዲቱ አለቃዎን አይከራከሩት። «እሺ፣ በንጽህናው እንጀምር» ይበሉትና የቀለም ክፍሉን ያስቀድሙ። የምግብ ማሸጊያ ኦዲተር ጠንቃቃ ከሆነ ስለ ቀለም፣ ስለ ሽታ፣ ስለ ምላጭ ይጠይቃል። በወር የሚገዛውን ማቅጠኛ ከታተመው ፊልም ስፋት ጋር አስልተው ያቅርቡለት። ክዳኑ ከተገጠመ በኋላ ደግሞ መልሰው ያስሉት። ያ ቁጥር እርስዎ ከሚናገሩት በላይ ይናገራል።

አሁን ቅጣቱ። አይቅጡ። መጀመሪያ ጓንቱ ራሱ ለሥራው የሚሆን መሆኑን ይዩ። ተራው የናይትራይል ጓንት ኤቲል አሴቴትን ብዙም አይቋቋምም፤ በደቂቃዎች ውስጥ ሰርጎ ይገባል። ሠራተኛው እጁ ውስጡ ሲርስ «ምን ጠቀመኝ» ይላል፣ እውነቱንም ነው። ለዚያ ሥራ የቡታይል ጎማ ይሻላል። የጆሮውም ጉዳይ እንደዚሁ። ብዙ ቦታ እንደ መነሻ የሚያዘው በ8 ሰዓት 85 ዴሲቤል ነው፤ ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የጉልበቱ መጠን እጥፍ ይሆናል። ግን ጩኸቱ ከየት ነው የሚመጣው? ብዙ ጊዜ ከሚያፏጭ የአየር ቱቦና ከላላ መከለያ ነው፤ ሁለቱም በጥገና ይስተካከላሉ። ቶሉይን የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ይህንን ይንገሯቸው፦ ቶሉይን ራሱ የመስማት አቅምን ይጎዳል፣ ከጩኸት ጋር ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ያን ያወቀ ሠራተኛ የጆሮ መከላከያውን ለእርስዎ ብሎ ሳይሆን ለራሱ ብሎ ያደርጋል።

ሰው በቀጡ ቁጥር ወሬ ይደርቅብዎታል። ጨርቁ ተይዞ እጁ ለጥቂት የተረፈ ሰው ለማንም አይናገርም፤ ያንን ሳይሰሙ ደግሞ ቀጣዩን አደጋ የሚያስቀሩበት መንገድ የለም። በየማሽኑ አንድ ደብተር ያስቀምጡ፣ «ለጥቂት ተረፍን» የሚባለው ሁሉ ይጻፍበት፣ የጻፈም አይጠየቅ። የተጻፈው ላይ በሳምንቱ አንድ ነገር ተስተካክሎ ይታይ፤ አለበለዚያ ማንም ደግሞ አይጽፍም። ይህንን ከመጀመርዎ በፊት ግን አለቃዎን ያዘጋጁት። በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚመዘገበው ቁጥር ይጨምራል። ድሮም የነበረ፣ አሁን መታየት የጀመረ መሆኑን አስቀድሞ ካላወቀ ደንግጦ ደብተሩን ያሰበስባል።